ዛንዚባር ላይ ምን ይታያል?

ጵርስቅላ የምትሠራው መገናኛ አጠገብ ባለ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ነው። የቢሮው ባለቤት ወይዘሮ ጥሩብርሃን ዛንዚባርን ለሙሽሮች ሲሸጡ ኖረዋል። ሙሽራ ግን ወቅት አለው፤ ጾም ሲገባ ይጠፋል፣ ክረምት ሲሆን ይጠፋል። እሳቸው ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋ ደንበኛ ፈለጉ፤ ሲያስቡ ሲያሰላስሉ ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ፣ ጉልበታቸው ቢደክምም ገና አገር ማየት የሚመኙ ባልና ሚስቶች ትዝ አሏቸው።

"ሙሽራ የትም ብትወስጂው ግድ የለውም፤ እርስ በርሱ ነው የሚተያየው" አሏት ጵርስቅላን። "ትልቅ ሰው ግን የከፈለበትን ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ሂጂና ሰው ሁሉ የሚያወራላቸውን ቦታዎች እያቸው። የሚረባውን ያዢ፣ የማይረባውን ጣዪ።"

"ትልቅ ሰው ምን እንደሚደክመው እኔ በምን አውቃለሁ፣ እትዬ ጥሩ?"

"ትልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂያ!"

የጵርስቅላ እናት ወርቅአየሁ ነገሩን የሰማችው በዚያው ዕለት ልጇ ከሥራ ስትገባ ነው። ጵርስቅላ ጫማዋን ሳታወልቅ በር ላይ ቆማ "አንቺና አባዬ መሞከሪያ ልትሆኑልኝ ነው" አለች እየሳቀች። ወርቅአየሁ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ዛንዚባር የሚባለውን ስም የምታውቀው ከሠርግ ወሬ ነው። የእከሌ ልጅ ለጫጉላ ዛንዚባር ሄደች ሲባል ትሰማለች እንጂ ደሴት ይሁን ከተማ ጠይቃ አታውቅም።

ባሏ ባፈና ግን ያውቃል። ቤታቸው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ነው፤ ከፊት፣ በመንገዱ በኩል፣ የባፈና ቅመም ቤት አለ፣ ከኋላው እነሱ ይኖራሉ። ባፈና በጎረምሳነቱ ከሆሳዕና መጥቶ ሾላ ገበያ ሰው ቤት ተቀጥሮ ቅመም ሲመዝን ነው ያደገው። የራሱን ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ከእሁድ በቀር ዘግቶ አያውቅም። ኮረሪማ የሚበቅልበትን ጫካ አይቷል፤ እርድና ዝንጅብል በእጁ ነቅሏል፤ ጥቁር አዝሙድ ሲያብብ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ያላየው ቅርንፉድን ነው። ቅርንፉድ ከባሕር ማዶ በከረጢት መጥቶ በሩ ላይ ይራገፍለታል። "ይችን ሚስማር የመሰለች ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ስሸጥ እናቷን አላውቃትም" ይል ነበር ሲቀልድ።

"ዛንዚባር ያልሽው የቅርንፉዱ አገር ነው?" አለ በሱቁ በኩል ብቅ ብሎ።

"እሱ ነው፣ አባዬ።"

"እሄዳለሁ።"

ወርቅአየሁ ቢላዋውን አስቀመጠች። ይህ ሰው የእህቱ ልጅ ስትዳር እንኳ "ሱቁን ለማን ጥዬ" ብሎ ሆሳዕና ጠዋት ሄዶ ማታ የተመለሰ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የቤቱ ወሬ ምን እንይ፣ ምን ይቅር ሆነ። ጵርስቅላ ስልኳን እያሳየች ታስመርጣቸዋለች። ዶልፊን የሚታይበት ባሕር አለ። ዕድሜያቸው ከሰው ዕድሜ ያለፈ ግዙፍ ኤሊዎች የሚኖሩበት ትንሽ ደሴት አለ። ባሕር መሐል አለት ላይ የተሠራ ምግብ ቤት፣ የድሮው ከተማ ጠባብ መንገዶች፣ የቅመም እርሻውም አለ። አጠገባቸው ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው ሬድዋንም ሐሳብ አላነሰውም። ሬድዋን ለንግድ ዱባይ ተመላልሷል እንጂ ዛንዚባርን አያውቀውም፤ የአጎቱ ልጅ ግን ሄዶ ነበርና የሰማውን ሁሉ እንዳየ ሰው ያወራል።

"ኤሊውን ተዉት" አለ የሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጦ። "ኤሊ ኤሊ ነው። ቢያረጅ ምን ይጨምራል? ዶልፊኑ እንዳያመልጣችሁ። ከዛንዚባር የመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዶልፊን ነው።"

"እኔ ቅርንፉዱን ካየሁ ሌላው ትርፍ ነው" አለ ባፈና።

"እማዬ፣ አንቺስ?"

"እናንተ ያያችሁትን" አለች ወርቅአየሁ።

"እንደሱ አይሆንም። አንድ ነገር ምረጪ።"

"ጉልበቴን የማያመኝ ቦታ ከሆነ ሁሉም ጥሩ ነው።"

የጉልበቷ ሕመም የቆየ ነው። ተወልዳ ያደገችው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ነው፤ ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ ቁልቁለቱን ስትወርድ ኖራለች። አሁን እዚያ ጫካ ውስጥ ሰው በብስክሌት ይንሸራሸራል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ። ጵርስቅላ አንዴ ሁለቴ "ልውሰድሽ" ብላት "የማውቀውን ዳገት ምኑን ላየው" ብላ ቀርታለች። ለነገሩ ወርቅአየሁ ምን ትፈልጊያለሽ ሲሏት የምትመልሰው ብዙ ጊዜ ይጠፋባታል። ባሏ ጸሎት ቤት፣ እሷ ኪዳነ ምሕረት እየሄዱ ተቻችለው የኖሩት እሱም ብዙ ስለማይጠይቅ፣ እሷም ብዙ ስለማትናገር ነው።

ወርቅአየሁ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይሁን ስላለች ጥምቀት እንዳለፈ ተነሡ። ባፈና የሱቁን ቁልፍ ለሬድዋን ሰጠው፤ ሰጥቶም ሁለት ጊዜ እየተመለሰ ቁንዶ በርበሬው የቱ ጋ እንዳለ አሳየው።

ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊታቸው ላይ ተለጠፈ። ያረፉት በደሴቲቱ ምሥራቅ በኩል፣ የዓሣ አጥማጆች መንደር ዳር ያለች ትንሽ ሆቴል ውስጥ ነው። ግቢው ሲያልቅ አሸዋ ነው፣ አሸዋው ሲያልቅ ባሕር። ወርቅአየሁ ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። ቆማ አየችውና "ሰፊ ነው" አለች።

የመጀመሪያው ቀን የዶልፊኖቹ ነበር። በማለዳ በመኪና ወደ ደቡብ ሄደው ጠባብ ጀልባ ላይ ወጡ። ማዕበሉ ጀልባዋን ያነሣታል፣ ይጥላታል። ባፈና ወዲያው ሎሚ መስሎ ላስቲክ ከረጢት ለመነ። ጵርስቅላ ግን ከፊት ቆማ ስልኳን ደግና ትጠብቃለች። ብዙ ሳይቆይ አንድ ጥቁር ጀርባ ከውሃው ብቅ አለ፤ ከኋላው ሌላ፤ ከዚያ ከእናቱ ጎን የተለጠፈ ትንሽ።

በዚያው ቅጽበት የጀልባው ሁሉ ሞተር ተነሣ። ወርቅአየሁ ስንት ጀልባ በዙሪያቸው እንደነበረ ያስተዋለችው ያን ጊዜ ነው። ከግራም ከቀኝም እየተጯጯሁ መጡና ዶልፊኖቹን ከበቧቸው፤ የዋና መነጽር ያጠለቁ ሰዎች እየዘለሉ ላያቸው ላይ ወደቁ። ዶልፊኖቹ ጠለቁ። ራቅ ብለው ሲወጡ ጀልባዎቹ ዞረው እንደገና ተከተሏቸው። እንደገና ጠለቁ። ነጂው ዞር ብሎ "ዝለሉ፣ ዝለሉ!" የሚል ምልክት ሲያሳያቸው ጵርስቅላ አልተንቀሳቀሰችም።

"ምን አድርገዋቸው ነው የሚያሳድዷቸው?" አለች ወርቅአየሁ።

"ለማየት ነው፣ እማዬ።"

"አየናቸው እኮ። በቃ በዪው። ትንሹ ደክሞታል፤ አባትሽም አልቻለም።"

ተመለሱ። በመኪናው ውስጥ ጵርስቅላ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "ለስንት ሙሽራ ሸጬዋለሁ" አለች። "ሲመለሱ ሁሉም ደስ ብሎናል ነው የሚሉኝ።"

"ምናልባት ደብሮሽ እንዳታድሪ ብለው ይሆናላ" አለች እናቷ።

ከሰዓት በኋላ አለቱ ላይ ያለው ምግብ ቤት ሄዱ። አለቱ እንደ ፎቶው ነው፤ አልዋሸም። ከምግቡ ይልቅ ወረፋ የበዛው ግን ደረጃው ላይ ቆሞ ፎቶ ለመነሣት ነበር። ደረጃው ለወርቅአየሁ ጉልበት ከበደው። ዓሣው ደህና ነው፤ ባፈና በሁለት ጉርሻ ጨረሰውና እንጀራ ያስፈልገው ነበር አለ።

በሁለተኛው ቀን ባፈና በዚያ ሙቀት ለበዓል የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ወጣ። ማንም አልሳቀበትም። እርሻው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ዛፍ የተጨናነቀበት ቦታ ነው። አስጎብኚው ቀልደኛ ወጣት ነበር፤ ቅጠልና ፍሬ እየቀጠፈ "ምንድነው?" ይላል፣ ጵርስቅላ ትተረጉማለች። ባፈና ቀረፋውን በመዓዛው አወቀው። ቢጫ ፍሬ ተሰንጥቆ ውስጡ ቀይ መረብ የለበሰ ዘር ሲያሳዩት ግን ግራ ገባው። ገውዝ ነው ሲሉት አፉን ይዞ ቀረ፤ ደረቁን ብቻ ነው የሚያውቀው። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎት ነበር፤ ወርቅአየሁ ከአረማመዱ ታውቃለች።

ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ ከኮኮናት ቅጠል የተጎነጎነ ዘውድ ራሱ ላይ ደፋለት፤ ለጵርስቅላ ቦርሳ፣ ለወርቅአየሁ ቀለበት ሠራላቸው። ሌላው ሰው እየዘፈነ የኮኮናት ዛፍ ላይ ወጣ፤ አጨብጭቡ ተባሉና አጨበጨቡ። ባፈና ዘውዱን እንደደፋ አንገቱን እያሰገገ ቅርንፉዱን ይፈልጋል።

በመጨረሻ ደረሱ። ዛፉ ረዘም ያለ፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ነው። አንድም እንቡጥ አልነበረበትም። "ጥቂት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ" አለ አስጎብኚው። "ተለቅሞ አለቀ።" ቅጠል ቀጥፎ በጣቱ አሽቶ ባፈና አፍንጫ ሥር ያዘለት። ባፈና አሸተተ። ግንዱን በመዳፉ ነካ። ገና እጁን ሳያነሣ ከኋላቸው ሌላ ቡድን ደረሰ፣ አስጎብኚውም በትሕትና ወደ መውጫው መራቸው። መውጫው ላይ በትናንሽ ከረጢት የታሸገ ቅመም የተደረደረበት ጠረጴዛ አለ። ባፈና አንድ ከረጢት ቅርንፉድ አነሣና የተጠየቀውን ከፍሎ ወጣ።

ወርቅአየሁ ያን ጊዜ አወቀች። ባፈና ዕቃ ሲወድ ይከራከራል፤ የወደደውን ነገር ዋጋ ሳያስቀንስ ገዝቶ አያውቅም።

"እንዴት ነበር፣ አባዬ?" አለች ጵርስቅላ መኪናው ሲነሣ። ዓይኗ ገና የትናንቱን ኀዘን አልረሳም።

"በጣም ጥሩ! መጀመሪያ ላይ ጻፊው። ትልቅ ሰው ሁሉ ሊያየው የሚገባ ነው።"

ወርቅአየሁ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ዘውዱ ባፈና ጭን ላይ ነበር።

በማግስቱ ኤሊዎቹ ጋ ለመሄድ ረጅም መንገድ በመኪና፣ ከዚያም በጀልባ መጓዝ ነበረባቸው። ወርቅአየሁ ጉልበቷ አብጦ አደረ። "እናንተ ሂዱ" አለች። ጵርስቅላ አይሆንም ስትል "ለመሞከሪያ አይደል ያመጣሽኝ? ሞክሬ ደከመኝ፤ ይኸንንም ጻፊው" አለቻትና ሸኘቻቸው።

ጠዋቱን ውሃው ከዳርቻው ሸሽቶ ርቆ ነበር። ወርቅአየሁ ዣንጥላዋን ይዛ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ባሕሩ በሸሸበት በኩል ሴቶች ጎንበስ ቀና ይላሉ። ዓሣ የሚያጠምዱ መሰሏት። ሲሰለቻት ተነሥታ ቀስ እያለች ወደ እነሱ ሄደች፤ እርጥቡ አሸዋ ጠንካራ ስለሆነ መራመዱ አልከበዳትም። ሴቶቹ ችካል ተክለዋል፤ ከችካል ችካል ገመድ ወጥረው ገመዱ ላይ የባሕር ሣር ያስራሉ፣ ያደገውን ደግሞ እየፈቱ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይሞላሉ። እርሻ ነው። ውሃ ላይ ይሁን እንጂ እርሻ ነው። ራሳቸውን ተሸፋፍነዋል፤ ቀሚሳቸው ርሶ እግራቸው ላይ ተጣብቋል።

እኩያዋ የምትሆን አንዲት ሴት ቀና ብላ አየቻትና የሆነ ነገር አለቻት።

"ደህና ዋላችሁ" አለች ወርቅአየሁ፤ ከአማርኛ ሌላ ምን ልበል ብላ።

ሴትዮዋ ሳቀች። የሞላውን ማዳበሪያ በአንድ ጫፍ ይዛ ሌላውን ጫፍ በአገጯ አመለከተቻት። ይህን ለመረዳት ቋንቋ አያሻም። ጭራሮ አስሮ የቆመ ሰው አላፊ አግዳሚውን የሚጠይቀው እንደዚሁ ነው። ወርቅአየሁ ጫማዋን አውልቃ ችካሉ ላይ ሰካችና ጫፉን ያዘች።

ማዳበሪያውን ከውሃው አላወጡትም። ውሃ ውሃውን እየጎተቱ ወሰዱት፤ ሁለት ሰው የሚያጎብጥ ነገር እየተንሳፈፈ በጣት ይሳባል። ሌላም መጣ፤ እሱንም ሳቡት። ባሕሩ መመለስ ጀምሮ ነበር። ቁርጭምጭሚቷ ላይ የነበረው ውሃ ጉልበቷን አለፈ፣ ጭኗን አለፈ። ለብ ያለ ነው። ወርቅአየሁ የሆነ ነገር የጎደለ መሰላትና ቆመች። ጉልበቷ አላመማትም። አንዱን እግሯን አነሣች፤ ሌላውን አነሣች። ማንም እንዳያያት ዞር ብላ ካረጋገጠች በኋላ ቁጭ ብድግ አለች። መስገድ ከተወች ዓመታት አልፈዋታል፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምታስቀድሰው። አሁን ተንበረከከች፣ ውሃው እስከ አንገቷ መጣ፣ ተነሣች፣ እንደገና ተንበረከከች። ሴትዮዋ አየቻትና እሷም አጠገቧ እስከ አንገቷ ተቀመጠች። እዚያው እንዳሉ እንደ ጎረቤት ሲያወሩ ቆዩ፤ አንዷ በስዋሂሊ፣ አንዷ በአማርኛ።

ዳርቻው ላይ ሸክሙ መልሶ ሸክም ሆነ። ወርቅአየሁ ማዳበሪያውን ሴትዮዋ ራስ ላይ ስታወጣላት ጉልበቷ ቦታው ላይ መሆኑን አስታወሳት። ሴትዮዋ እያንጠባጠበች ወደ መንደሩ ሄደች። ወርቅአየሁ ቀሚሷን አጥባ ከክፍሉ ጀርባ አሰጣችው።

ባፈናና ጵርስቅላ ፀሐይ አቅልቷቸው ተመለሱ። ኤሊዎቹ እንደ በርሜል ናቸው፤ ባፈና ጎመን አብልቷቸዋል።

"አንቺስ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?"

"ተቀምጬ ባሕሩን ሳይ" አለች ወርቅአየሁ።

ለምን እንደዋሸች ታውቃለች። ብትናገር ጵርስቅላ ስልኳን አውጥታ ትጽፈዋለች፤ ነገ ከነገ ወዲያ ዣንጥላ የያዙ ባልና ሚስቶች ሴቶቹን ከበው ፎቶ ሲያነሡ ታያት።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሲመለሱ ባፈና ደንበኛ በደንበኛ ሆነ። ሰው ቅመም ሊገዛ ይመጣና የቅርንፉድ ዛፍ ወሬ ጠጥቶ ይሄዳል። መጀመሪያ ዛፉ ትልቅ ነበር፤ በሳምንቱ ሽታው መንገድ ድረስ መጣ፤ ከዚያ ባፈና በገዛ እጁ ለቀመው። ወርቅአየሁ ከመጋረጃው ጀርባ ትሰማለች። እሷም የራሷን ደብቃለችና ምን ብላ ትናገረው?

በዚህ መካከል ጵርስቅላ ያየችውን ለወይዘሮ ጥሩብርሃን አቀረበች። ዶልፊኑ ይውጣ፣ ኤሊዎቹ ደህና ናቸው፣ ዋናው የቅመም እርሻው ነው አለች፤ አባቷን ምስክር ጠራች። ወይዘሮዋ ተደሰቱ። ማስታወቂያው ሁሉ በቅርንፉድ ላይ እንዲሠራ አዘዙ። መጀመሪያ ልመዝገብ ያለው ሬድዋን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሬድዋን ሱቃቸው መጣና ደንበኞቹ እስኪወጡ ጠበቀ። ጵርስቅላም ወርቅአየሁም እዚያው ነበሩ።

"ጋሽ ባፈና፣ ወሬውን ሰምቼዋለሁ" አለ። "አሁን እንደ ወንድም ይንገሩኝ። ባለቤቴ ከሕመሟ የተነሣችው ገና ነው። ደጋግሜ ልወስዳት አልችልም። ያ እርሻ ያን ሁሉ መንገድ ያስኬዳል?"

ባፈና ንጹሑን ሚዛን በጨርቅ ጠረገ። "ጥሩ ነው" አለ።

"እንደሱማ ለገዢ ሁሉ ይሉታል።"

ባፈና ቀና ሲል ከሚስቱ ዓይን ጋር ተጋጨ። ወርቅአየሁ ሳታስበው "ለሬድዋን እንኳ ንገረው" አለች።

"ምኑን?"

"ሳትከራከር የገዛኸውን።"

ባፈና ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። "ዛፉን አየሁት" አለ። "ዛፍ ነው። ቅርንፉዱ ተለቅሞ አልቋል። የቅጠል ዘውድ ደፍተውልኝ፣ አንድ ሰው እየዘፈነ ኮኮናት ላይ ሲወጣ ሳጨበጭብ ቆየሁ። ዛፉ ጋ ስንደርስ ደግሞ ተረኛ መጣና እለፉ ተባልን። የገዛሁትም ቅርንፉድ እኔ ከምሸጠው አይሻልም።"

"አባዬ!" ጵርስቅላ ከተደገፈችበት ግድግዳ ተነሣች። "መጀመሪያ ላይ ጻፊው ያልከኝ አንተ አይደለህ? ማስታወቂያው እኮ ሊወጣ ነው!"

"ዶልፊኑ ሲከሽፍብሽ ፊትሽን አየሁት። በማግስቱ እኔ ደግሞ አልወደድኩትም ልበልሽ?" አለ። "ለአንቺ ብቻም አይደለም። ያን ያህል ዘመን የተመኘሁትን ነገር አይቼ ምንም አልመሰለኝም ብዬ ለማን ላውራ? ለራሴም መንገር አልፈለግሁም።"

ሬድዋን ወደ ወርቅአየሁ ዞረ። "እርስዎስ፣ እትዬ? ያን ሁሉ ሄደው ምንም የሚረባ ነገር አላዩም?"

ባሏ እንዲያ ከተናገረ በኋላ እሷ ዝም ማለት አልቻለችም። ነገረቻቸው። ሴቶቹን፣ ማዳበሪያውን፣ ለብ ያለውን ውሃ፣ ጉልበቷ እንዴት ዝም እንዳለላት፣ ተንበርክካ እንደተነሣች። ስትጀምር አፏ ተያይዞ ነበር፤ በኋላ ግን ሱቁ መሐል ቆማ በእጇ እያሳየች ታወራ ጀመር።

"በቀሚስሽ?" አለ ባፈና።

"በቀሚሴ።"

"እኔ ኤሊ ጎመን ሳበላ?"

"አንተ ኤሊ ጎመን ስታበላ።"

"እና አልነገርሽኝም?" ቅር ብሎታል፤ ከድምፁ ያስታውቃል።

"አንተስ ስለ ዛፉ ነገርከኝ?"

ጵርስቅላ ስልኳን ማውጣቷን ወርቅአየሁ አየችና እጇን ያዘቻት። "ባሕሩን ጻፊ። ሴቶቹን ግን አትጻፊ። እነሱ ሥራ ላይ ናቸው።"

ሰኞ ዕለት ጵርስቅላ ቢሮ ገብታ ያቀረበችው ሁሉ ስህተት እንደነበረበት ለወይዘሮ ጥሩብርሃን ተናገረች። እርሻው ይቆይ፣ ግን ቅርንፉድ የሚለቀመው በየትኞቹ ወራት እንደሆነ አስቀድሞ ለሰው ይነገረው፤ በሌላው ጊዜ የሚሄድ ዛፍና ዘፈን ብቻ ነው የሚያየው አለች። አንዱ ቀን ደግሞ ባዶ ይሁን፤ መኪናም ጀልባም የሌለበት።

"ባዶ ቀን ማን ይገዛኛል?" አሉ ወይዘሮዋ።

"ለእናቴ የጠቀማት እሱ ብቻ ነው።"

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ብዙ ተከራከሩ። ዶልፊኑን ጨርሶ ማውጣት እምቢ አሉ፤ ሰው እየጠየቀ የለም ማለት አልችልም ብለው ለሚጠይቅ ብቻ እንዲቀር አደረጉ፤ ጵርስቅላም ያየችውን ለጠያቂው እንድትነግር ፈቀዱላት። ማስታወቂያው ግን ቅርንፉዱን ዋና ማድረጉን ተወ። ባዶው ቀን "የዕረፍት ቀን" የሚል ስም ወጥቶለት ገባ።

ሬድዋን ባለቤቱን ይዞ የሄደው ቅርንፉዱ በሚለቀምበት ወር፣ እዚህ ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ሱቁን ሳይከፍት እነ ባፈና ቤት ገባ። ባለቤቱ ባሕሩን ፈርታ የእግሯን ጣት እንኳ አላስነካችም። ዶልፊንም አልፈለገች። ኤሊዎቹ ጋ ግን ሁለት ጊዜ ሄዳ፣ አንዱን አቅፋ ካልመጣሁ ብላ አስቸግራዋለች።

"ቅርንፉዱስ?" አለ ባፈና።

"ሰሌን ላይ አስጥተውት ቀይና አረንጓዴ ሆኖ አየሁት። እኔ ቅመም አልሸጥ፤ ደስ ይላል እንጂ ምንም አላለኝም። እርስዎ ግን ቢያዩት ጥሩ ነበር።"

ባፈና ራሱን ነቀነቀ። ሬድዋን እንደገና ሄዶ ሊያየው ይፈልግ እንደሆነ ሲጠይቀው "እንጃ" አለ፤ የምሩን ነበር።

ወርቅአየሁ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ ውስጥ ትገባለች። ጵርስቅላ ከሥራዋ ብዙ ሳይርቅ ገንዳው የሚሞቅ ሆቴል አገኘችላት። ውሃው እንደ በረኪና ይሸታል፣ እንደ ባሕሩም አያነሣም፤ ጉልበቷ ግን እስክትወጣ ድረስ ያርፋል። ወጣት ሴቶች በሙዚቃ ሲዘሉ እሷ ጥግ ይዛ ቁጭ ብድግ ትላለች። ባፈና ሱቁን ለሁለት ሰዓት ዘግቶ ያደርሳታል፤ ኮቱን ለብሶ ከገንዳው ዳር ወንበር ላይ ይጠብቃታል። ባለፈው ሳምንት ወጥታ ፎጣ ሲያቀብላት "ከዚህ ሌላ የምትፈልጊው ነገር አለ?" ብሎ ጠየቃት።

ወርቅአየሁ ፀጉሯን እየጨመቀች አሰበችበት። "አስቤ እነግርሃለሁ" አለችው።